ሳጥኑ ሞተ፣ ዲስኮቹ ደህና ናቸው

ዘንድሮ የማይሞት ዕቃ ጠፋ። ፍሪጅ ይሞታል፣ ቻርጀር ይሞታል፣ አሁን ደግሞ የሰው ሰርግ በሆዱ የያዘ ሳጥን ሞተ ተባለ። ኦሎምፒያ ባለችው ፎቶ ቤቴ መደርደሪያ ላይ ተጎልቶ፣ አራት ሃርድ ዲስክ ይዞ፣ ሌት ተቀን መብራቱን ሲያርገበግብ የሚኖር ዕቃ ነው፤ ልጆቹ «ናስ» ይሉታል። የቤቱ ኮምፒውተሮች ሁሉ ፎቶና ቪዲዮ የሚያስቀምጡት እሱ ላይ ነበር። መብራት ሄዶ በመጣ ቁጥር ያቃስት ነበር። በመጨረሻ መብራቱ ሄዶ ሲመጣ እሱ ሳይመጣ ቀረ።

ቴክኒሺያን ተጠራ፤ ያው የልጅ ልጄ እኩያ። ከሁሉ በፊት አዳፕተሩን ለካ፤ 12 ቮልት ይሰጣል። ይህችን ወደድኩለት፤ ስንቱ ባለሙያ ነኝ ባይ ዕቃውን ብትንትኑን ካወጣ በኋላ ነው አዳፕተር ትዝ የሚለው። ከዚያ ዲስኮቹን አንድ በአንድ መረመረና ፊቱ በራ።

«ጋሼ፣ እንኳን ደስ ያለዎት! ዲስኮቹ ደህና ናቸው። የተቃጠለው የሳጥኑ ቦርድ ነው።»

«እሰይ! በል አንዱን ኮምፒውተሩ ላይ ሰካና ሰርጉን አሳየኝ።»

«እሱማ አይነበብም።»

«ደህና ናቸው አላልክም እንዴ?»

«ደህና ናቸው ጋሼ። ለየብቻቸው ግን አይነበቡም።»

አልሰማ ብዬ አሰካሁት። ኮምፒውተሩ ምን ቢለኝ ጥሩ ነው? «ይህ ዲስክ ፎርማት አልተደረገም፤ ላድርገው?» በስመ አብ! የሰው ሁለት አሥርት ዓመት ሥራ ይዞ የመጣን እንግዳ ገና ከበሩ «ልግደልህ ወይ?» ብሎ መቀበል የት አገር ወግ ነው?

ነገሩ ሬይድ የሚሉት ጣጣ ነው። አንዱ ፎቶ ተቆራርሶ ይበተናል፤ የሙሽራዋ ዓይን አንዱ ዲስክ ላይ፣ ቬሏ ሌላው ላይ፣ ሚዜው ምናልባት ሁለቱም ጋ። በዚያ ላይ የማመሳከሪያ ሒሳብ ይጨመርበታል። ከአራቱ አንዱ ቢሞት የቀሩት ሦስቱ አስልተው የጎደለውን ይሞሉታል። ሁለት ከሞቱ ግን ሰርጉ ፈረሰ። ለዚህ ሒሳብ የአንድ ዲስክ ያህል ቦታ ይበላል። ባለ 4 ቴራባይት ዲስክ አራት ገዝቼ 16 አገኛለሁ ስል 12 ሆነ፤ ስክሪኑ ላይ ደግሞ 10.9 ይላል። ይቺስ የት ገባች ብዬ ልጁን ብጠይቀው፣ አምራቹ በ1,000 እየቆጠረ ይሸጣል፣ ማሽኑ በ1,024 እየቆጠረ ያሳያል አለኝ። መርካቶ ውስጥ እንዲህ በሁለት ሚዛን የሚሸጥ በርበሬ ነጋዴ ቢገኝ ጩኸቱ ፒያሳ በተሰማ!

ሬይድን በ1988 እ.ኤ.አ. በጽሑፍ ያስተዋወቁት ካሊፎርኒያ፣ በርክሌይ ዩኒቨርሲቲ የነበሩት ዴቪድ ፓተርሰን፣ ጋርዝ ጊብሰንና ራንዲ ካትዝ ናቸው። ሐሳባቸው ውዱን ትልቅ ዲስክ ትቶ ርካሽ ትንንሾችን ማቀናጀት ነበር። ርካሽ! ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ብር በገበያ ዋጋ ይመንዘር ከተባለ ወዲህ 57 ብር ግድም የነበረው ዶላር መቶን ዘሎ ሲሄድ፣ ርካሽ የሚባለው ዲስክ የት እንደሚሸጥ መጥተው ቢያሳዩኝ ቡናውን በራሴ ወጪ አፈላላቸው ነበር።

መላው ዲስኮቹን እንዳሉ አዲስ ሳጥን ውስጥ መክተት ነው፤ ተራቸው ራሳቸው ላይ ተጽፏል አለኝ ልጁ። አዲሱ ሳጥን ደግሞ ዝም ብሎ ሳጥን አይሆንም። የዚያው አምራች መሆን አለበት፤ ያውም ዲስኮቹን ለመቀበል የሚስማማ፣ እኩያ ወይም አዲስ ሞዴል። የእኔው ዓይነት መመረቱ ቆሟል። ከዱባይ የሚመጣ ዘመድ ተለመነ፣ ሻንጣው ተመዘነ፣ ዋጋው ሲነገረኝ ወንበር ፈለግሁ። አድዋ አጠገብ ያለው የአባ ገሪማ ወንጌል ከ1,300 ዓመት በላይ ኖሮ ዛሬም ይነበባል፤ ብራናውን ለመግለጥ የዚያው ፋብሪካ ሳጥን አምጡ ያለ መነኩሴ የለም። የምኒልክ ፎቶ አንሺ ቤድሮስ ቦያጂያን ያነሳውን አሁንም በዓይናችን እናያለን። እኔ ትናንት ያነሳሁትን ለማየት ጉምሩክ ማለፍ አለብኝ።

ይቅር እንዳልል ደግሞ ሰው አለብኝ። በ2017 መጀመሪያ ካዛንቺስ በኮሪደር ልማት ሲፈርስ ነባሩ ሰፈርተኛ በየአቅጣጫው ተበተነ። ከዚያ ወዲህ ወደ እኔ የሚመጣው ደንበኛ የሚጠይቀው የራሱን መልክ ብቻ አይደለም። «ከኋላችን ግቢው የሚታይበት አለ?» ይላሉ። አንዷ እመቤት የልጃቸው ሰርግ ፎቶ ላይ ሙሽሮቹን አልፈው የበረንዳቸውን ምሰሶ ሲፈልጉ አይቻለሁ። እኒህን ሴትዮ ቦርድ ተቃጥሏል ብዬ ልመልሳቸው?

ሳጥኑ መጣ። ልጁ ዲስኮቹን ከማውጣቱ በፊት በፕላስተር 1፣ 2፣ 3፣ 4 ብሎ ጻፈባቸው።

«ተራቸው ራሳቸው ላይ ተጽፏል አላልክም?»

«ተጽፏል ጋሼ።»

«ታዲያ ፕላስተሩ ለምንድን ነው?»

«ለጥንቃቄ።»

በተራቸው ገቡ፣ ተለኮሰ፣ አቃሰተ። ስክሪኑ ላይ ጥያቄ መጣ፤ የነበረውን ይዤ ልቀጥል ወይስ ሁሉን አጥፍቼ እንደ አዲስ ልጀምር? ሁለቱ ጎን ለጎን ናቸው! እንዲህ ያለ ጥያቄ በሽማግሌና በምስክር ፊት እንጂ በአንዲት ጣት ይመለሳል? ልጁ እየሳቀ የመጀመሪያውን ነካው። ሲስተሙ ራሱን አደሰ፣ ጢጥ አለ፣ ሰርጉ፣ መልሱ፣ ክርስትናው ሁሉ ተዘርግፎ መጣ። የይለፍ ቃሉ እንኳ ያው የድሮው ነው። ደስታዬን ልደብቅ ብዬ አፍንጫዬን ተናፈጥኩ።

መች በዚህ ያበቃል። ልጁ መሣሪያውን እየሰበሰበ፣ «ጋሼ፣ ሬይድ ባክአፕ አይደለም» አለኝ። ሌባ ቢገባ፣ እሳት ቢነሳ፣ አንዱ በስህተት ቢያጠፋው አራቱም አንድ ላይ ነው የሚሄዱት። ደንቡ ሦስት ቅጂ፣ በሁለት ዓይነት ዕቃ ላይ፣ አንዱ ከቤት ውጭ ነው፤ ይህን ደንብ ያስፋፋው ፒተር ክሮግ የሚባል አሜሪካዊ ፎቶ አንሺ ነው አለኝ። የሙያ ባልደረባዬ ባይሆን ኖሮ የምለውን አውቅ ነበር።

እሺ ብዬ ደብረ ብርሃን ላለው ታናሽ ወንድሜ ደወልኩ። አንድ ዲስክ ላስቀምጥብህ፣ ብርድና ደረቅ አየር ስላላችሁ ይስማማዋል አልኩት። ብዙ ዝም አለና፣ «ጋሽዬ፣ እኔ ጋ ለማስቀመጥ ችግር የለም፤ ግን የእኔ ሰርግ አለበት?» አለኝ። የለበትም። የእሱን ሰርግ ያነሳው ሌላ ፎቶ ቤት ነው፤ ያኔ እኔን ውድ ነህ ብሎኝ።