የረዳቱ ከባድ ጥፋት

ከጅጋ ፍኖተ ሰላም በሚመላለሱት ሚኒባሶች ሥርዓት የለም እየተባለ ይታማል። ሐሜት ነው። ሥርዓትማ አለ፤ ያውም አዲስ አበባ ተቀምጦ አዋጅ የሚያረቅ ሰው ሊቀናበት የሚገባ። ያልተጻፈ መሆኑ እውነት ነው፤ ለዚህም በቂ ምክንያት አለው፤ መኪናው ውስጥ ወረቀት ሊቀመጥበት ይችል በነበረው ቦታ ላይ ሰው ተቀምጧል።

የተጻፈው ምን ያህል እንደሚንዛዛ እንይ። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አንቀጽ 27 መሠረት፣ በማርፈድ ምክንያት ያለማስጠንቀቂያ የሚሰናበት ሠራተኛ በስድስት ወር ውስጥ ስምንት ጊዜ ያረፈደ፣ በዚያ ላይም በጽሑፍ ማስጠንቀቂያ የተሰጠው መሆን አለበት። ያለማስጠንቀቂያ ለመባረር መጀመሪያ ማስጠንቀቂያ! አሠሪው ጥፋቱን አውቆ 30 የሥራ ቀን ዝም ካለ ደግሞ የማሰናበት መብቱ ይቀራል። የሙከራ ጊዜው እስከ 60 የሥራ ቀን ነው። ውሉ በጽሑፍ ካልሆነ በ15 ቀን ውስጥ የተፈረመ ደብዳቤ ለሠራተኛው ይሰጠዋል።

በእኛ መስመር ረዳት የሚቀጠረው «ና፣ በሩን ያዝ» ተብሎ ነው። የሙከራ ጊዜው ፍኖተ ሰላም ደርሶ እስኪመለስ ነው። ሲያጠፋም ሾፌሩ ክሱን ሰምቶ፣ መርምሮ፣ ወስኖ፣ ውሳኔውን ለማስፈጸም የሚፈጅበት ጊዜ ከሦስተኛ ማርሽ ወደ ሁለተኛ ከመመለስ አይበልጥም። «ውረድ» ይላል። የመደመጥ መብትም አልተነፈገም፤ ከዚያ በፊት «አብደሃል እንዴ?» ተብሎ ተጠይቋል።

ጥፋቱ ምንድን ነው? የመጀመሪያውና ከባዱ፣ ሊብሬው ላይ የተጻፈውን ያህል ሰው ብቻ መጫን ነው። ሊብሬው 12 ሰው ይላል እንበል። መኪናውን የሠሩት መሐንዲሶች የተማሩ ሰዎች መሆናቸውን አልክድም፤ ነገር ግን የጃቢ ጠህናን ወረዳን የገበያ ቀን አያውቁም። በርበሬ የሞላ ጆንያ ፖርቶመጋላው ሞልቶበት እግር ሥር ሲገባ፣ እማማ ዶሯቸውን ታቅፈው ሲመጡ፣ አንድ ሽማግሌ ከነዱላቸው በር ላይ ቆመው «በቁምም ቢሆን ውሰደኝ፣ ልጄ፤ ሊመሽብኝ ነው» ሲሉ፣ 12 የሚለው ቁጥር ከሰብአዊነት ጋር ይጋጫል። ረዳቱ ሰብአዊነትን ይመርጣል። እኒያው ሰው እንደምንም ገብተው በሩ ከኋላቸው ሲዘጋ «ኧረ አሁንስ አበዛችሁት! ሕግ የለም ወይ እዚህ አገር?» ይላሉ። ጥሩ ረዳት የመጀመሪያውን ንግግራቸውን ያምናል፤ ሁለተኛውን በትሕትና ያልፋል፤ ቀጥሎም ለሌላ ሰው ያቆማል። ያኔ በሩ ላይ የቆመው አዲሱ ሰው ሲለምን፣ ውስጥ ያሉት ሕግ አክባሪዎች በአንድ ድምፅ ይቃወማሉ።

አዋጁ በአንቀጽ 14 ሠራተኛው ሕይወትንና ንብረትን ለአደጋ የሚያጋልጥ ተግባር ሆነ ብሎ እንዳይፈጽም ይከለክላል። እኛ ዘንድ ሆነ ብሎ የሚፈጽም የለም። ሾፌሩ ሰው አላስገባም፤ የሚነዳ ነው። ረዳቱም አላስገባም፤ «ጠጋ በሉ» ነው ያለው። ተሳፋሪዎቹ ናቸው የተጠጉት።

ትራፊክ ሲታይ «ጎንበስ በሉ!» ይባላል። በዚህ የሚስቁ አሉ። እኔ ግን ዲያቆኑ፣ የከብት ነጋዴው፣ የጤና ባለሙያዋና ተማሪው ያለ ልዩነት በአንድ ጊዜ የሚያጎነብሱበት ሌላ ቦታ አላየሁም። ትራፊኩም በመስኮት ሰው የማይታይበት፣ ሆዱ ግን አስፋልቱን ሊነካ የደረሰ መኪና ሲያልፍ ይመለከታል። የቀድሞው የትራፊክ መቆጣጠሪያ ደንብ ቁጥር 208/2003 የአሽከርካሪን ጥፋት በእርከን ከፋፍሎት ነበር። ለረዳቱ ያለው እርከን አንድ ነው፤ የበሩ መወጣጫ፤ እዚያው ተንጠልጥሎ ይሄዳል።

መልስ ሳይጠየቁ መስጠትም ቀላል ጥፋት አይደለም። «ስትወርድ ትወስዳለህ» የተባለ ተሳፋሪ መንገዱን ሁሉ አይተኛም፤ በዚህ ጠመዝማዛ ዓለም ንቁ ሕዝብ ያስፈልገናል።

የሠለጠኑት አገሮች ሠራተኛ በመቅጣት ረገድ ብዙ ይቀራቸዋል። በ2020 እ.ኤ.አ. ጃፓን ውስጥ በኦካያማ ጣቢያ አንድ ባቡር ነጂ የተሳሳተ መድረክ ላይ ሲጠብቅ ቆይቶ ሥራው በአንድ ደቂቃ ዘገየ። ባቡሩ ሰው አልጫነም። ድርጅቱ ከደመወዙ 56 የን ቆረጠበት። ሰውየው ከሰሰ፤ በ2022 ፍርድ ቤት 56 የኑ ይመለስለት አለ። ዳኛ፣ ጠበቃና ጋዜጠኛ ስለ አንዷ ደቂቃ ሲከራከሩ ዋናውን ክስ ያነሣ አልተገኘም፦ ሰው ካልሞላ ለምን ተነሣ?

ጅጋ ላይ የሥራ ጅማሬውን ያበላሸ አንድ ልጅ ነበር። በአንድ ጉዞ ሁሉንም አጠፋ። ወንበሩ ሲሞላ «ሞልቷል» ብሎ በሩን ዘጋ። ሒሳብ ሲሰበስብ መልሱን እዚያው ቆጥሮ ሰጠ። ከዚያ በፊትም አንዲት እናት «ስንት ሰው ቀረ?» ብለው ቢጠይቁት «ገና ሰባት ይቀራል፣ እማማ፤ ሻይ ጠጥተው ይምጡ» አላቸው። እማማ ደንግጠው ወረዱ፤ እውነት የሚናገር ረዳት ያለበት መኪና ምን ሊያደርግ እንደሚችል አይታወቅም።

ፍኖተ ሰላም ሲደርስ ተሰናበተ። ይግባኙን የሰሙት ተራ አስከባሪዎች ናቸው፤ ልጁ ገና ጀማሪ ስለሆነ መከሩት፤ ትከሻውንም መታ መታ አደረጉት። ከሰዓት በኋላ ወደ ቡሬ በሚሄድ መኪና በር ላይ ቆሞ፣ ድምፁ እስኪዘጋ «ቡሬ! ቡሬ! የቀረው አንድ ሰው! አንድ ሰው ብቻ!» ይል ነበር። ውስጥ የነበረው ሾፌሩ ነው።