ቆዳዎን ሥራ ለማስፈታት የሚረዱ ምክሮች

ቆዳዎ እርስዎን ሳያማክር መሥራት ከጀመረ ስንት ዘመኑ! ተዘርግቶ ቢለካ ከአንድ ካሬ ሜትር ተኩል እስከ ሁለት ካሬ ሜትር ይደርሳል፤ የዛሬን የቦታ ዋጋ የሚያውቅ ሰው ይህን የሚያህል ይዞታ ያለ ተቆጣጣሪ አይተውም። ውሃ ከሰውነትዎ እንዳይተን ያግዳል፣ ጀርም እንዳይገባ ይከለክላል፣ ሲሞቅዎ ላብ ያወጣል፣ ፀሐይ ሲያገኝ ቫይታሚን ዲ ይሠራል። አንዱንም አላዘዙትም። ባለቤቱ ማን እንደሆነ የሚያሳዩበትን መንገድ እንደሚከተለው አቀርባለሁ።

በላይኛው ሽፋን ይጀምሩ። ይህ ሽፋን የሞቱ ሕዋሳት ተነባብረው፣ በመሃላቸው ስብ ገብቶ ያያያዛቸው ስስ ነገር ነው። ከሥር የተወለደ ሕዋስ ወደ ላይ ወጥቶ እስኪረግፍ አንድ ወር ገደማ ይፈጅበታል። ያን ያህል ማን ይጠብቃል? ሻካራ መፈተጊያ ይግዙ፣ ውሃውን ያፍሉት፣ የልብስ ሳሙና ያቅርቡ። ጤናማ ቆዳ ወደ አሲድነት ያደላል፤ ሳሙናው ተቃራኒ ስለሆነ ስቡን ጠራርጎ ይወስድልዎታል። ማታ እግርዎ ላይ ማሳከክ ሲጀምር “ገና አልጸዳሁም” ይበሉና ጠዋት ይድገሙት።

ማሳከኩ ካልተወዎት ከጎረቤት ቅባት ይዋሱ። ያቺን ከታች ተጠቅልላ ተጠቅልላ አንገቷ ድረስ የደረሰችውን፣ ጽሑፏ በእጅ ብዛት የተፋቀውን ቱቦ ማለቴ ነው። ውስጧ ያለው ብዙ ጊዜ ቤታሜታሶን ወይም ክሎቤታሶል የሚባል ስቴሮይድ ነው። ሐኪም ለሚገባው በሽታ፣ ለሚገባው ጊዜ ሲያዘው ግሩም መድኃኒት ነው፤ እኛን ግን ይህ አይመለከተንም። ጭርት ላይ ይቀቡት። በማግስቱ ማሳከኩ ጸጥ ይላል፣ መቅላቱም ይከስማል። ጭርቱን ያመጣው ፈንገስ ደግሞ የሚከላከለው ኃይል ተኛ ስለተባለለት በሰላም ይስፋፋል። ትንሽ ቆይቶ ያ የታወቀ ክብ ቅርጹ ስለሚጠፋ ሐኪም እንኳ አይቶ ጭርት ለማለት ያመነታል።

ያችኑ ቱቦ ፊትዎ ላይ ከቀቡ ይቀላሉ። ሠርግ ከደረሰብዎ ጥሩ ጊዜ ነው፤ “ውይ፣ ምን ተቀብተሽ ነው?” የሚል ይበዛልዎታል። እዚህ ላይ አንድ የማይመች እውነት አለ። ቀለም የሚያመርቱት ሕዋሳት ቁጥር በቀዩም በጥቁሩም ሰው ቆዳ ውስጥ ተቀራራቢ ነው፤ የሚለያየው የሚያመርቱት ሜላኒን መጠንና ዓይነት ነው። የፀሐይን ጨረር የሚመክተውም እሱው ሜላኒን ነው። ስለዚህ “የ13 ወር ፀሐይ” እየተባለ ሲተዋወቅ በኖረ አገር ፊትን ማቅላት ጃንጥላን ከፍሎ እንደማስነጠቅ ነው። ይክፈሉ። ከወራት በኋላ ቆዳው ይሳሳል፣ ጉንጭዎ ላይ ቀጫጭን የደም ሥሮች ብቅ ይላሉ፣ ብጉር ይፈላል፣ ጠጉርም ባልተጠራበት ይበቅላል። ቅባቱን ሲያቆሙ ፊትዎ እሳት ስለሚሆን አያቁሙት። እ.ኤ.አ. በ2013 የጸደቀው የሚናማታ ስምምነት ሜርኩሪ የተጨመረባቸውን የማቅያ ቅባቶች ከገበያ እንዲወጡ ቢወስንም፣ ፈልጎ ያጣ የለም። ሜርኩሪ ያለበትን ካገኙ ኩላሊትዎም የጉዳዩ ተካፋይ ይሆናል።

ስለ ጠጉር ብዙ አልደክምም። ከራስ ቆዳ በላይ የሚታየው በሙሉ ሙት ነው፤ ሕያው ሥሩ ብቻ ነው። ለጋ ቅቤ ሙቱን ይሸፍነዋል፣ እርጥበቱን ያቆይለታል፤ ከዚያ በላይ አይመግበውም። (ታክሲ ውስጥ ከጎኔ ለሚቀመጥ ቅቤ የተቀባ ሰው ክብር አለኝ፤ መስኮቱን ግን እከፍታለሁ።) ጉዳት የሚፈልጉ ከሆነ ሥሩን ይያዙ። ሹሩባ ሠሪዋ “አመመሽ እንዴ?” ስትል “ኧረ ጥብቅ አድርጊው” ይበሉ፤ ቅንድብዎ ሽቅብ ካልተሳበ ሥራው አልተጠናቀቀም። ግንባርዎ ዳር ላይ ትናንሽ እብጠቶች ሲወጡ “ይለምደዋል” ብለው ይለፏቸው። ዓመት በዓመት እንዲህ ሲወጠር የኖረ ሥር ወደ ጠባሳነት ይለወጣል፤ ጠባሳ ደግሞ ጠጉር አያበቅልም። እስከዚያው ማበጠሪያዎ ላይ የቀረውን እየቆጠሩ ይደንግጡ። በቀን ከ50 እስከ 100 ጠጉር መርገፉ የወግ መሆኑን ለእርስዎ የሚነግርዎ ሰው እንዳይኖር ይጠንቀቁ።

ጥፍር ቀርቷል። በወር ሦስት ሚሊ ሜትር ያህል የሚጓዝ ዝግተኛ ስለሆነ አንዱ የእጅ ጥፍር ሙሉ በሙሉ ለመተካት ስድስት ወር ያህል ይፈልጋል፤ ያጠፉት ጥፋት ለረጅም ጊዜ ይታይልዎታል ማለት ነው። በጥፍሩ ሥር ያለችውን ስስ ቆዳ ማኒኪዩር ቤት ሄደው ያስቆርጧት፤ ጀርም እንዳይገባ በሩን የምትዘጋው እሷ ነች። ከጥፍር ሥር ጥቁር መስመር ወይም ነጥብ ካዩ “ጥቁር ሰው የቆዳ ካንሰር አይዘውም” ብለው ቀለም ይቀቡበት። እርግጥ ነው፣ በሽታው በጥቁር ሰው ላይ ብዙ አይታይም፤ ሲመጣ ግን መዳፍን፣ ውስጥ እግርንና የጥፍርን ሥር ይመርጣል። በቦብ ማርሌይ የእግር ጣት ጥፍር ሥር እ.ኤ.አ. በ1977 የታየው ነገር መጀመሪያ የኳስ ጉዳት ተብሎ ነበር። ሜላኖማ ሆኖ ተገኘ፤ በ1981 በ36 ዓመቱ አረፈ።

ይህን ሁሉ ፈጽመው ሐኪም ቤት መሄድዎ አይቀርም። ለዚያ ቀን ፊትዎን በፋውንዴሽን ይለስኑ፣ ጥፍርዎን ደማቅ ቀይ ይቀቡ፣ ራስዎን በሻሽ ይሰሩ፣ ቱቦዋን ለጎረቤት ይመልሱ። “ምን ሲቀቡ ነበር?” ሲባሉ ሐኪሙን ዓይን ዓይኑን እያዩ “ምንም፣ ቫዝሊን ብቻ” ይበሉ። ካርድዎ ላይ “ቫዝሊን” ብሎ ይጽፍና ምርመራ ያዝዛል።