የቁማር ፊልም ሕግጋትና የጉባ ጉዳይ

የቁማር ፊልም፣ ጥቂት ሰዎች ጠረጴዛ ከብበው ለሁለት ሰዓት ከወንበራቸው ሳይነሡ ተመልካቹን ላብ በላብ የሚያደርጉበት የልብ አንጠልጣይ ፊልም ዘርፍ ነው። መኪና አይጋጭም፤ ቢጋጭም ከጨዋታው በኋላ ነው። ዘርፉን ለመከታተል የካርታ ዕውቀት አያስፈልግም። በኢትዮጵያ ቪዲዮ ቤቶች ፖከርን በእጁ ነክቶ የማያውቅ ተመልካች ማን እንደበላና ማን እንደተበላ ከተጫዋቾቹ ፊት ይረዳል፤ ፊልሙ ትርጉም ከሆነ ደግሞ ተራኪው ካርታው ሳይገለጥ አሸናፊውን ስለሚናገር ይህም ድካም ይቀርለታል።

የዘርፉ የበላይ ሕግ፣ በመጨረሻው ዙር የማይሆነው ሁሉ ይሆናል የሚል ነው። እ.ኤ.አ. በ1965 በወጣው «ዘ ሲንሲናቲ ኪድ» ስቲቭ ማክዊን ሦስት ኤስና ሁለት አሥር ይዞ ተቀምጧል። በአምስት ካርታ ጨዋታ ሦስት ተመሳሳይ ከሁለት ተመሳሳይ ጋር የሚገጥመው በ694 እደላ አንዴ ያህል ነው። ኤድዋርድ ጂ. ሮቢንሰን ግን ከስምንት እስከ ንግሥት የተከታተሉ አምስት ዳይመንዶች ይገልጣል፤ እንዲህ ያለው በ64,974 እደላ አንዴ ይመጣል። አንዱ የሌላውን ዕድል አይነካም ተብሎ ሁለቱ ሲባዙ፣ ነገሩ በ45 ሚሊዮን እደላ አንዴ ገደማ የሚያጋጥም ይሆናል። ከዚህ ያነሰ አጋጣሚ የፊልም መዝጊያ ለመሆን ብቁ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2006ቱ «ካዚኖ ሮያል» በመጨረሻው ዙር አራት ሰዎች አንዱ ከሌላው የሚበልጥ ግሩም ካርታ ይዘው ተፋጠዋል፤ ጄምስ ቦንድም እንደ ሮቢንሰን አምስት ተከታታይ ይገልጣል። ካርታውን የበወዘው ሰው ግን በፖሊስ ሲጠየቅ አይታይም።

ሁለተኛው ሕግ የፊት ምልክትን ይመለከታል። ውሸታም ተጫዋች ሰውነቱ ያሳብቅበታል ተብሎ ይታመናል። እ.ኤ.አ. በ1998ቱ «ራውንደርስ» ጆን ማልኮቪች የተጫወተው ሩሲያዊ ብስኩቱን ጆሮው አጠገብ አስጠግቶ ይገምሳል፤ ያንን ልማድ ያስተዋለ ተጋጣሚው ካርታውን የሚያነብ ያህል ያውቅበታል። በ«ካዚኖ ሮያል» ቦንድ የባላጋራውን የመዋሸት ምልክት አገኘሁ ብሎ ይተማመንና ሙልጭ ብሎ ይበላል። ግንባር ላይ ችፍ የምትል ላብም ከታወቁት ማስረጃዎች አንዷ ናት።

ይህ ሕግ በቤኒሻንጉል ጉሙዝ ክልል፣ መተከል ዞን፣ ጉባ ወረዳ አይሠራም። ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ ሴልሽየስ በሚያልፍበት በዚህ ቆላ የሚዋሸውም እውነት የሚናገረውም እኩል ያልበዋል፤ ዝም ያለውም ያልበዋል። ስለዚህ በጉባ የተጀመረውን ትልቁን ጨዋታ የተጋጣሚን ግንባር በማየት ለመገመት የሞከረ ሁሉ መሳሳቱ አይቀርም ነበር።

ጨዋታው የታላቁ የኢትዮጵያ ሕዳሴ ግድብ ነው። እንደ ማንኛውም ጥሩ ልብ አንጠልጣይ ሥራ በምሥጢር ስም ጀምሯል፤ ይፋ ከመሆኑ በፊት «ፕሮጀክት ኤክስ» ይባል ነበር። መጋቢት 24 ቀን 2003 ዓ.ም. የመሠረት ድንጋዩ ሲቀመጥ የተነገረው መደብ 80 ቢሊዮን ብር ገደማ ነበር። እዚህ ላይ ከፊልሙ ጋር መሠረታዊ ልዩነት አለ። ቦንድ የሚያስይዘው የብሪታንያን ግምጃ ቤት ገንዘብ ነው፤ ቢበላ የሚቆጣው አለቃው ብቻ ነው። በጉባ ግን የመንግሥት ሠራተኛው የአንድ ወር ደመወዙን ለቦንድ ሰጥቷል፤ ይኼኛው ቦንድ ሰነድ እንጂ ሰው አይደለም። ከዚያም ላይ በ8100 አጭር መልእክት እየላኩ ግድቡን የሚረዱበት፣ ዕድለኛው የሚሸለምበት ሎተሪ መጣ። ቁማር ውስጥ ቁማር በዘርፉ ታሪክ ብርቅ ነው።

የተርባይኖቹ ቁጥር በየጊዜው ተበውዞ በመጨረሻ 13 ላይ ረጋ። በአንድ ዓይነት ካርታም ቁጥሩ ያው 13 መሆኑ ከአጋጣሚነት አያልፍም፤ ያም ሆኖ ፊልም ሠሪ ቢሆን ዝም ብሎ አያልፈውም ነበር።

ሌላው ቋሚ ትዕይንት የተጫዋችን ካርታ ሰርቆ ማየት ነው። እ.ኤ.አ. በ1964ቱ «ጎልድፊንገር» ባለጸጋው በማያሚ ሆቴል መዋኛ ዳር ካርታ ሲጫወት፣ ረዳቱ ከላይ ከሰገነት በመነጽር የተጋጣሚውን ካርታ እያየች በጆሮው ትነግረዋለች። በሐምሌ 2012 ዓ.ም. ይህ ሥራ ለሳተላይት ተሰጠ። ከግድቡ ጀርባ ውኃ ሲጠራቀም በፎቶ ታየ፤ መሞላት ተጀመረ የሚል ወሬ ተሰማ፤ ማስተባበያ ተከተለ፤ ሳምንት ሳይሞላው ደግሞ 4.9 ቢሊዮን ሜትር ኩብ ውኃ የያዘው የመጀመሪያው ዙር ሙሌት መጠናቀቁ ታወጀ። ካርታውን ያደለው ክረምት ነበር፤ ክረምት ደግሞ ጉቦ አይቀበልም።

ከዚህ ወዲያ ፊልሙ ከጉባ ብዙ የሚቀዳው የለም። በቁማር ፊልም ወደ ጠረጴዛው ሳይመጣ የሚቀር ጀግና አይታወቅም፤ የካቲት 2012 ዓ.ም. ስለ ግድቡ በዋሽንግተን በተጠራው ስብሰባ ግን ኢትዮጵያ ሳትገኝ ቀርታ ግብፅ በቀረበው የስምምነት ሰነድ ላይ ብቻዋን ምልክቷን አኖረች። የሦስትዮሽ ድርድሩም ለካሜራ አይመችም፤ ባለሙያዎች በድርቅ ወቅት ስንት ውኃ ይለቀቅ በሚል ለዓመታት ሲከራከሩ ማየት ልብ ያንጠለጥላል ማለት ያስቸግራል። አምስት ዓመት የተባለው ግንባታ ከ14 ዓመት አልፏል፤ የትኛውም ፊልም ሠሪ በሁለት ሰዓት ይጨርሰው ነበር።

ጳጉሜ 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ካርታው ተገለጠ፤ 5,150 ሜጋዋት። በፊልም አሸናፊው ገንዘቡን ቦርሳ ሞልቶ ይወጣል፤ ቦንድማ ለካርታ አዳዩ ጉርሻ ወርውሮለት ነው የተነሣው። የጉባው ድል ግን በ500 ኪሎ ቮልት መስመር በደዴሳ በኩል ወደ ሆለታ ይጓዛል፤ ደመወዙን ያስያዘው ተጫዋችም ድርሻውን በየወሩ ቆጣሪው ባነበበው ልክ እየከፈለ ይወስዳል።