ሌሊት ባቄላ የሚቆላው

አባቴ መሪጌታ ናቸው። ለማኅሌት የሚነሣ ሰው ከመሸ በኋላ የሚያገኛትን ጥቂት እንቅልፍ እንደ ወርቅ ነው የሚሰስትላት። እኔ ደግሞ የምጽፈው ሌሊት ነው። በመካከላችን ያለው ጭቃ የተመረገ የሸንበቆ ግርግዳ ብቻ ነው።

አንድ ሌሊት ከግርግዳው ወዲያ ድምፅ መጣ።

«አንተ ልጅ፣ በዚህ ሰዓት ባቄላ የምትቆላው ለማን ነው?»

ባቄላው ኪቦርዴ ነበር። ባለ ሰማያዊ ስዊች የሚሉት፣ በተነካ ቁጥር ቀጭ እንዲል ታስቦበት የተሠራ። ጥፋቱ ግን የፊደላችንም ጭምር ነው። «ሰላም» ለማለት ኤስ፣ ኢ፣ ኤል፣ ኤ፣ ኤም ብዬ አምስት ጊዜ አንኳኳለሁ፤ ለሦስት ፊደል! ብዙውን ጊዜ ሳድሱ በአንድ ምት ይገኛል፤ ሌላው ሁለት ሁለት ነው። 33ቱ ፊደላት በ7 ተባዝተው 231 የሚሆኑትን፣ ዲቃሎቹን ሳንቆጥር፣ በጥቂት ቁልፍ ላይ ማሳፈር የጥንት ጣጣ ነው፤ ኢንጂነር አያና ብሩም የአማርኛ የጽሕፈት መኪና ልሥራ ብለው ሲነሡ የጠበቃቸው ይኸው ነበር።

ስለዚህ ዝም የሚል ኪቦርድ በገዛ እጄ ልሠራ ቆረጥኩ። እህቴ ባለ 68 ቁልፉን ሰሌዳ፣ ባዶ ሣጥኑንና በየቁልፉ ሥር የሚገቡትን ዝምተኛ ስዊቾች በቢቸና መኪና ላከችልኝ። የዝምተኛ ስዊች ምስጢሩ ትንሽ ጎማ ነው። ዘንጉ አራት ሚሊ ሜትር የማትሞላ መንገዱን ሲወርድም ሲመለስም ጎማው ይቀበለዋል፤ ፕላስቲክ ከፕላስቲክ አይጋጭም።

እያንዳንዱ ስዊች ተከፍቶ በቀጭን ብሩሽ ግሪስ ይቀባል። ሲያንስ ይንኳኳል፤ ሲበዛ እንደ ጠገበ በሬ አልነሣም ይላል። እናቴ ሁለት ቀን ስታየኝ ቆይታ፣

«ለዚህ ለዚህማ ለጋ ቅቤ አለልህ አይደል?» አለች።

«እማ፣ ቅቤ ሲቆይ ይሸታል።»

«የኔ ቅቤ?» ብላ እስከ እሑድ አኮረፈችኝ።

እንደ እውነቱ ከሆነ ትልቁ ጫጫታ ያለው ስዊቹ ላይ አይደለም። ረጅሙ የስፔስ ቁልፍ ግራና ቀኙን የሚያስተካክልለት ሽቦ አለው፤ ሽቦው ካልተቀባ ይንኳኳል፤ ባዶው ሣጥን ደግሞ እንደ ከበሮ ይቀበለዋል። ሽቦውን ቀባሁ። ለሣጥኑ ስፖንጅ ሳጣ የአባቴን አሮጌ በርኖስ ጫፍ ቆርጬ ጎሰጎስኩበት። ይህን እንዳትነግሩብኝ።

በማግስቱ ጧት «አባ፣ ሌሊት ሰሙኝ?» አልኳቸው።

«ምኑን?»

ደስታዬ ሳይበርድ አንድ ነገር ታወሰኝ። የምንኖርበት ዲማ ጊዮርጊስ ደራሲው ሐዲስ ዓለማየሁ ሳይቀሩ የተማሩበት አገር ነው፤ ዛሬም የአብነት ተማሪው ሌሊት ድምፁን ለቆ ነው የሚያጠናው። ያ ሁሉ ጩኸት አባቴን ቀስቅሶ አያውቅም። የሚነቁት አንዱ ተማሪ ሲስት ብቻ ነው፤ ከመኝታቸው ሆነው ያርሙትና መልሰው ይተኛሉ። ያን ሁሉ ግሪስ ሳልጨርስ ቀድሜ ባስበው ኖሮ! የኔ ባቄላ ጥፋቱ መጮኹ ሳይሆን ዜማ ማጣቱ ነበር።

አንድ ጉድለት ግን ቀርቷል። ስዊቾቹን ስከፍት የውስጣቸውን ስፕሪንጎች ሰፌድ ላይ አስጥቼ በር ሲንኳኳ ብወጣ፣ ስመለስ ዶሮዋ ሰፌዱ ላይ ቆማለች። ሦስት ጊዜ ቆጠርኩ፤ 67። እናቴ «እንቁላል ጣይ ናት፣ እንዳትነካት» አለች። ስዊቹ ያለ ብየዳ የሚነቀል የሚተከል ስለሆነ፣ ስፕሪንግ የሌለውን ወስጄ አማርኛ እምብዛም የማይፈልገው ቁልፍ ሥር ተከልኩት። እስካሁን አላስቸገረኝም። «ቴሌቪዥን» የሚለውን ቃል ግን ከስልኬ ገልብጬ ነው እዚህ ያስገባሁት።