ለመደርደሪያው የተያዘ በጀት

የሕዝብ ቤተ መጻሕፍቶቻችንን የበጀት ቀመር የሚያሙ ሰዎች ቀመሩን አያውቁትም። ከማካፈል ያለፈ ሒሳብ የለበትም። ለመጽሐፍ መግዣ የተገኘችው ገንዘብ ለቅርንጫፎቹ ቁጥር ትካፈላለች፤ ለእያንዳንዱ ድርሻው ይሰጠዋል፤ አለቀ። አንባቢው ስንት ነው፣ ሰፈሩ ምን ዓይነት ነው፣ አምና የትኛው መጽሐፍ ተፈለገና ታጣ የሚሉት ጥያቄዎች አይነሱም፤ አድልዎ ያመጣሉና። አንዱ ቅርንጫፍ ተማሪ ከበር እስከ አጥር ስለተሰለፈበት ብቻ የበለጠ ይሰጠው ከተባለ፣ ጥበቃውና ጽዳቷ ብቻቸውን የሚውሉበት ቅርንጫፍ ምን አጠፋ? «ሰው የማይገባበት እኮ መጽሐፍ ስለሌለው ነው» የሚል ደፋር ቢነሳም መልሱ አይቸግርም። ሰው ይግባና መጽሐፉ ይገባል።

ፍትሐዊነቱ በገንዘቡ ብቻ አላበቃም። ዝርዝሩም አንድ ነው። ዩኒቨርሲቲ አጠገብ ያለው ቅርንጫፍ፣ ገበያ መሃል ያለው ቅርንጫፍ፣ ልጅ የፈላበት ኮንዶሚኒየም ውስጥ ያለው ቅርንጫፍ፣ ሁሉም ያንኑ ካርቶን ይረከባሉ። ስሙን በማልጠራው አንድ ቅርንጫፍ ካርቶኑ ሲከፈት ቆሜ አይቻለሁ። ስለ ስኬታማ ሥራ አመራር የሚያወሩ አራት ትርጉሞች፣ በዊንዶውስ ኤክስፒ ዘመን የተጻፈ የኮምፒውተር መማሪያ፣ የአንድ ታሪክ መጽሐፍ ቅጽ ሁለት። ቅጽ አንድ የት ሄደ ብዬ ጠየቅሁ። ለሁሉም ቅርንጫፍ የደረሰው ቅጽ ሁለት ብቻ ነው አሉኝ። ማንም ከማንም አልበለጠም።

«ፍቅር እስከ መቃብር» በ1958 ዓ.ም. ከታተመ ወዲህ ፈላጊ አጥቶ አያውቅም። ቀመሩ ለየቅርንጫፉ አንድ አንድ ቅጂ ይበቃል ብሏል። አንደኛው ቅርንጫፍ ያለው ቅጂ ሽፋኑ በስኮች ተጠፍንጎ፣ የመጀመሪያዎቹ ገጾችም ረግፈዋልና የሰፈሩ ልጆች ታሪኩን ከመሃል ጀምረው ያነባሉ፤ የጎደለውን ያነበበ ታላቅ ወንድም ይሞላላቸዋል። ሌላው ቅርንጫፍ ያለው ቅጂ ደግሞ ገና ሲገለጥ ይንቋቋል። ይኼንን ወደዚያ ለማዛወር ደብዳቤ፣ የሁለት ኃላፊዎች ፊርማ፣ በአንዱ በር የወጪ ሞዴል 22፣ በሌላው በር የገቢ ሞዴል 19፣ መኪናና የነዳጅ መጠየቂያ ያስፈልጋል። ለአንድ ልብ ወለድ ተብሎ የመንግሥት ነዳጅ አይባክንም።

እዚህ ላይ ከባድ የሆነው የንብረት ፍልስፍና ይመጣል። መጽሐፍ አላቂ ዕቃ ነው ወይስ ቋሚ? ሳሙናና ወረቀት አላቂ ናቸው፤ ሲያልቁ ማንም አይጠየቅም። ወንበርና ጠረጴዛ ቋሚ ናቸው፤ ሲጠፉ የፈረመው ይከፍላል። ቤቱ ሁለቱንም በጥበብ አስታርቋል። ሲገዛ እንደ አላቂ ይቆጠራል፤ የሚገዛው ሳሙናው፣ ወረቀቱና የፕሪንተሩ ቀለም ከተሟሉ በኋላ ነው። ሲጠበቅ ግን ቋሚ ነው። የቤተ መጻሕፍት ባለሙያዋ በስሟ ፈርማ ስለተረከበችው በመስታወት ቁምሳጥን ቆልፋበታለች፤ ከደመወዟ የሚቆረጠውን ታውቃለችና አልፈርድባትም። አንባቢው በመስታወቱ አሻግሮ የመጽሐፉን ጀርባ ያነባል፤ መታወቂያውን አውጥቶ ይጠይቃል፤ ቁልፉ ስብሰባ ላይ ነው። በዓመቱ መጨረሻ ቆጠራ ሲደረግ አንድም መጽሐፍ አልጎደለም። አፈጻጸሙ መቶ በመቶ ነው፤ መጻሕፍቱ የተጠቀለሉበት ፕላስቲክ እንኳ እንዳለ አለ።

አንባቢው ግን ቅር አይለውም፤ መጽሐፉን ከቤቱ ይዞ ይመጣል። ሰው የሚገባበት ቅርንጫፍ አዳራሹ ሁልጊዜ ሙሉ የሆነው ለዚህ ነው። የ12ኛ ክፍል ተማሪው ከጓደኛው ፎቶ ኮፒ ያደረገውን ማጠናከሪያ፣ የኮሌጁ ተማሪ ሃንድአውቱን ዘርግቶ ይውላል። ቤቱ የሚያቀርበው ወንበር፣ መብራትና ዝምታ ነው። የአንባቢው ቁጥር ሪፖርት ሲደረግም እነዚህ ሁሉ «በመጻሕፍቱ የተገለገሉ» በሚለው ዓምድ ውስጥ ይገባሉ።

ግዥው የሚፈጸምበትን ወቅት ሳላነሳ አላልፍም። የበጀት ዓመቱ ሐምሌ 1 ይከፈታል፤ ሰኔ 30 ይዘጋል። ሐምሌና ነሐሴ የፍላጎት ዳሰሳ ነው። መስከረም ኮሚቴ ይቋቋማል፤ ኅዳር ላይ ሰብሳቢው ይቀየራል። የካቲት ላይ የንባብ ባህልን ለማዳበር የሁለት ቀን ዐውደ ጥናት በሆቴል ይዘጋጃል፤ ባነሩ ላይ የተከፈተ መጽሐፍ ተሥሏል። ውሎ አበሉ ከሒሳብ መደብ 6231፣ መስተንግዶው ከ6233 ይወጣል፤ እነዚህ የራሳቸው በር ያላቸው ሒሳቦች ናቸው። መጽሐፉ ግን ከጠመኔና ከደብተር ጋር በ6215 ተጠግቶ ነው የሚገባው፤ የበጀት ዝውውር ደብዳቤ ሲመጣም መጀመሪያ የሚነካው እሱ ነው።

ከዚያ ሰኔና ሰኞ ይገጥማል። ያልተሠራበት ገንዘብ ተመላሽ ሊሆን ነው፤ በጀቱ እንዳይቃጠል ቢሮው እንቅልፍ ያጣል። ሦስት ፕሮፎርማ በአንድ ቀን ይሰበሰባል፤ ዝቅተኛ ዋጋ የሰጠው፣ እስክሪብቶና የሽንት ቤት ወረቀትም አብሮ የሚያቀርበው ነጋዴ ያሸንፋል። የተጠየቁት መጻሕፍት ከገበያ ጠፍተዋል ይላል። የቴክኒክ መግለጫው «ወይም ተመጣጣኝ» የምትል ሐረግ አለችው፤ ለጀነሬተር መለዋወጫ ተጽፋ የነበረች ናት። ተመጣጣኝ ልብ ወለድ ማለት ምን እንደሆነ ኮሚቴው መክሮ በገጽ ብዛት ወሰነው። የገጹ ብዛት ያንሳል የተባለ አንድ የግጥም መድበል በጎጆ ኢንዱስትሪ መመሪያ ተተካ፤ ሃያ ገጽ ትርፍ ተገኘ።

ይህም ሳይበቃን ሲቀር ልገሳ አለልን። አራት ኪሎ ላይ በ2014 ዓ.ም. የተመረቀው አብርሆት ቤተ መጻሕፍት ከ1 ቢሊዮን ብር በላይ ወጥቶበታል፤ ለመጻሕፍቱ ደግሞ ሕዝቡ እንዲለግስ ጥሪ ቀረበ። ሕንጻው ያማረ፣ አንባቢ የማይጠፋበት ነው፤ በዚህ አልቀልድም። ቅርንጫፎቻችን ግን ትምህርቱን ጠቅልለው ወሰዱት። ሲሚንቶ በበጀት፣ መጽሐፍ በቸርነት። ማንም ብረትና ሲሚንቶ ለግሱን ብሎ ሲለምን አልሰማሁም። ለጋሹም አያሳፍረንም፤ ቤቱን ሲለቅ ያላሰረውን ያመጣል። ከባሕር ማዶ በኮንቴይነር የመጣ የአንድ አሜሪካ ክፍለ ግዛት ታሪክ፣ ለአምስተኛ ክፍል የተዘጋጀ፣ በሠላሳ ቅጂ ተደርድሮ አይቻለሁ። ለፎቶ የሚመች ቀለም አለው።

ይህ ፍትሐዊነት ያልደረሳቸውም አሉ። በቶሮንቶ የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት 100 ቅርንጫፎች አሉ፤ ካታሎጉ አንድ ነው። አንባቢ የሚፈልገው መጽሐፍ በሌላው የከተማው ጫፍ ቢሆን ቤቱ ተቀምጦ ያዝዛል፤ ቅርንጫፉ ድረስ ያመጡለታል፤ የአማርኛ መጽሐፍ ሳይቀር። ያሳዝናል። ከዚያ ሁሉ ቅርንጫፍ መሃል የትኛው ስንት እንደደረሰው እየቆጠረ የሚኮራ አንድ ኃላፊ እንኳ አይኖራቸው ይሆናል።

የኛም ከተማ ከዚህ ብልሹ አሠራር ነጻ አይደለም። መጽሐፍ አዟሪው አለ። ከእጁ መዳፍ እስከ አገጩ ድረስ ደርድሮ ይዞ፣ ጠዋት ስድስት ኪሎ የፍልስፍናና የታሪክ፣ ቀትር ላይ ብሔራዊ ቴአትር አካባቢ ቆየት ያሉ ልብ ወለዶች፣ ማምሻውን መገናኛ የታክሲ ሰልፍ ላይ ቀጫጭን የሥነ ልቦና መጻሕፍት ያቀርባል። አንዱ ሰፈር ያልሄደለትን ለሌላው ይወስዳል። ደንበኛው የጠየቀውን ካጣ «ነገ ይዤልህ እመጣለሁ ወንድሜ» ይላል፤ ይባስ ብሎ ይዞ ይመጣል። ኮሚቴ የለውም፣ ፕሮፎርማ አልሰበሰበም፣ ሞዴል 19 አልቆረጠም፤ ማን ምን እንደሚያነብ በቃሉ ነው የያዘው። የፍላጎት ዳሰሳ ሰነዱን ቢጠየቅ አንድ ገጽ የለውም።

እንዲህ ያለው ሰው ዝም ሊባል አይገባም። በመጪው ሐምሌ አቅሙ የሚገነባበት የሦስት ቀን ሥልጠና ይዘጋጅለት፤ ከአሠልጣኞቹ አበል ጋር። በሁሉም ሰፈር እኩል ቁጥር ያላቸው፣ ተመሳሳይ መጻሕፍት እንዲያዞር ይፈርም። መጽሐፉንም ክንዱ ላይ መደርደሩን ያቁም፤ ለመደርደሪያ መግዣ የያዝነው በጀት ገና አልተነካም።