«አረንጓዴ ነው» ቢሉህ «ጎመንም አረንጓዴ ነው» በል

ዓለም ገና መንገድ የሚገነጠልባት ቦታ ናት፤ አንዱ ወደ ሰበታና ጅማ፣ ሌላው ወደ ቡታጅራና ሆሳዕና ይሄዳል። ሰሞኑን ከጎረቤቴ ከእማማ ጋር ከመገንጠያው ብዙም በማይርቅ ጣውላ ቤት ቆመን ነበር። የእማማ የሲንክ ካቢኔት ወለሉ እንደ ሊጥ ኩፍ ብሎ፣ በሩ አልገጥም ብሎ፣ ማጠፊያው ከነብሎኑ ወልቋል። እማማ ደግሞ ምላሽ ከሰው አይበደሩም።

ባለሱቁ አንድ ሰሌዳ ጎተት አድርጎ ጠርዙን አሳየን። «ይሄ ውሃ የማይነካው ነው እማማ፤ ውስጡን ይዩት፣ አረንጓዴ ነው።»

«ጎመንም አረንጓዴ ነው ልጄ፤ ውሃ ሲነካው ግን ይበስላል።»

እውነታቸውን ነው። አረንጓዴው ማቅለሚያ ብቻ ነው፤ ሰሌዳው ከሌላው ጋር እንዳይቀላቀል የሚደረግ ምልክት ነው። ውሃን የሚቋቋመው ኮላው ነው። ተራ ቺፑድ የእንጨት ፍቅፋቂ በዩሪያ ፎርማልዲሃይድ ኮላ ተለውሶ፣ በሙቀት ተጨፍልቆ የሚሠራ ነው። ያ ኮላ እርጥበት ሲደጋገምበት ይለቃል። ተጨፍልቆ የኖረው ፍቅፋቂም ውሃ ጠጥቶ ይነፋል፤ ቢደርቅም ወደ ቀድሞ ውፍረቱ አይመለስም። ለእርጥብ ቦታ በሚሠራው ግን ኮላው ላይ ሜላሚን ይጨመርበታል።

«ሜላሚን? የሳህኑ?» አሉ እማማ።

«አዎ፣ የሳህኑ ዘመድ ነው» አልኳቸው።

ወደ ባለሱቁ ዞሩ። «ሳህኔን ስንት ዘመን ሳጥበው አላበጠም። ታዲያ ስለ ቀለሙ ከምትለፈልፍልኝ ስለ ኮላው አትነግረኝም?»

የኮላውን ነገር የሚናገር ጽሑፍ አለ። በአውሮፓ ደረጃ ለደረቅ ቦታ የቤት ዕቃ የሚሆነው ቺፑድ «ፒ2»፣ ጭነት ለማይሸከም የእርጥብ ቦታ ሥራ የሚሆነው «ፒ3» ይባላል፤ ምልክቱም ከሰሌዳው ወይም ከጥቅሉ ላይ ይታተማል። ባለሱቁን የት እንዳለ ብጠይቀው «ማሸጊያው ተጥሏል» አለኝ።

እማማ ቀደሙኝ። «እኔ ቀበሌ ስሄድ መታወቂያ እጠየቃለሁ፤ ይሄ ባሕር ተሻግሮ መጥቶ ያለ መታወቂያ ኩሽናዬ ሊገባ ነው?»

«እማማ፣ እርጥበት ይችላል አልኩዎት እኮ!»

«ካፊያ የቻለ ሁሉ ዋና አይችልም።»

እዚህ ላይ ልቁም፤ ገዢው ሁሉ የሚታለለው እዚህች ቃል ላይ ነው። «እርጥበት ይችላል» ማለት የክረምቱን እርጥብ አየር፣ የድስቱን እንፋሎት፣ ቶሎ የሚጠረግ ጠብታ ይችላል ማለት ነው። ኩሬ ውስጥ ይተኛል ማለት አይደለም። በእኛ ሰፈር ደግሞ ኩሬው ሩቅ አይደለም። ውሃ በፈረቃ ነው፤ በጠፋበት ሰዓት ቧንቧው ተከፍቶ ይረሳል፣ ሌሊት ሲመጣ ሲንኩ ሞልቶ ይፈሳል። የእማማም ጉዳይ ይኸው ነበር። «ሲሄድ አልተሰናበተኝ፣ ሲመጣ አላንኳኳ» ይላሉ። በዚያ ላይ የሲፎኑ ጎማ አርጅቶ ቀን ከሌት ጠብ ይላል፤ ሲንኩ ከጠረጴዛው የሚገናኝበት ሲልከንም ተላጧል። እነዚህ ሳይጠገኑ የሚገባ ሰሌዳ፣ ወርቅም ቢሆን፣ ገንዘብ መጣል ነው። ሳይቃጠል በቅጠል፣ ሳያብጥ በሲልከን!

ቀጥሎ ካቢኔቱን የሚሠራው አናጺ መጣ። እጁ የተባረከ ሰው ነው፤ ግን ቸኩሏል። «የፊቱን ጠርዝ አለብሳለሁ። የኋላው ለግድግዳ ነው፣ አይታይም።»

«አይጥም የምትገባው በማይታየው ነው።»

አናጺው ሳቀ፤ እኔ ግን ይህችን ምላሽ በየአናጺው ቤት በር ላይ ብጽፋት ደስ ይለኛል። የሰሌዳው ፊት በሜላሚን ወረቀት ተሸፍኗል፤ ውሃ በዚያ በኩል በቀላሉ አያልፍም። የሚገባው በተቆረጠው ጠርዝ፣ ለቧንቧ በተበሳው ቀዳዳ፣ በብሎኑ ጉድጓድ ነው። ስለዚህ አራቱም ጠርዝ መልበስ ወይም ሁለት ሦስት እጅ ቫርኒሽ መጠጣት አለበት፤ የቧንቧው ቀዳዳም ዙሪያውን በሲልከን ይታሸግ። ካቢኔቱ በፕላስቲክ እግር ከወለሉ አሥር ሴንቲ ሜትር ያህል ከፍ ካለ ደግሞ የመወልወያው ውሃ አይደርስበትም።

የእኔ ፍርድ እንዲህ ነው። በሩና ጎኑ እርጥበት በሚችለው ቺፑድ ወይም ኤምዲኤፍ ይሠራ። ከሲፎኑ ሥር ያለው ወለል ግን ኮምፔርሳቶ ይሁን፤ ኮምፔርሳቶም ሲባል ውሃ በሚቋቋም ኮላ የተጣበቀው። ኮንክሪት ሲሞላ የምናየው፣ ፊቱ በቡናማ ፊልም የተሸፈነው ዓይነት ጥሩ ነው። አገልግሎ የተላጠውን አልልም፤ አዲሱን። እማማ ይህን ሲሰሙ «እርጥብ ኮንክሪት ያቀፈ የእኔን ሲፎን ይፈራል?» አሉና ተስማሙ።

«ግን ውድ ነው» አለ ባለሱቁ።

«ርካሹን ስንት ጊዜ ልግዛው?»

«ሙሉውን እንጂ ቆርጬ አልሸጥም።»

እዚህ ላይ እኔ ሜትሬን አወጣሁ። ሰሌዳው 122 በ244 ሴንቲ ሜትር ነው። የእማማ የካቢኔት ወለል 55 በ80 ነው። በወርዱ ሁለት፣ በቁመቱ ሦስት፤ ስድስት ወለል ይወጣዋል። በግቢያችን ሲንኩ ሥር የበሰበሰበት ቤት ደግሞ ከስድስት አያንስም።

«እንግዲያ ዕቁብ ነዋ!» አሉ እማማ። «አንዱን ሰሌዳ ለስድስት። ዕጣ አያሻም፣ ሁሉም በአንድ ቀን ይደርሰዋል።»

ከመክፈላችን በፊት ግን የሦስቱንም ቁራጭ ለመንን፤ የተራውን ቺፑድ፣ የአረንጓዴውን፣ የኮምፔርሳቶውን። ባለሱቁ «ለምን?» ቢላቸው እማማ «ላጠጣቸው» አሉት። ውፍረታቸውን በእርሳስ ምልክት አድርገን አንድ ባሊ ውስጥ ነክረን አሳደርናቸው። ጠዋት ተራው ቺፑድ ጠርዙ ፈክቶ በጣት ይፈረፈር ነበር። አረንጓዴው ትንሽ አብጧል፣ ግን አልተፈታም። ኮምፔርሳቶው ንብርብሩ አልለቀቀም።

የዓለም ገና፣ የሰበታ፣ የቡራዩና የሱሉልታ ባለሱቆች ሆይ፤ አንድ ባሊ ውሃ ከሱቃችሁ በር ላይ አኑሩ፣ ከምትሸጡት ሁሉ አንድ አንድ ቁራጭ ትናንት ማታ ነክራችሁ ዛሬ አሳዩን። ያን ጊዜ እማማም ክርክር አያበዙም፤ ዓይተው ይገዛሉ።