«መጣሁ» ብለው የሄዱ

የመንግሥት መሥሪያ ቤት ሰው ሲሸኝ አይታችኋል? አዳራሽ ይያዛል፣ ለስላሳ ይከፈታል፣ ለተሰናባቹ ጋቢ ይደረብለታል። ሲሠራ አንድ ቀን ዞር ብሎ ያላየው አለቃም ተነሥቶ «ታታሪ ነበር» ይላል። እኛስ? ጠዳ ላይ፣ ከጎንደር ባሕር ዳር በሚወስደው አስፋልት ዳር ቁርስ ቤት ከፍቶ የተቀመጠ ሽማግሌ ማን ደህና ሁን ብሎት ያውቃል? ጠዋት በሩን ስከፍት የሄደው ሠራተኛዬ ሽርጥ ምስማር ላይ ተንጠልጥሎ ይጠብቀኛል፤ ስልክ ስመታ ጥሪ አይቀበልም። ሽኝቱ ይኸው ነው።

አፄ ፋሲል እንኳ በ1620ዎቹ ኢየሱሳውያንን ካገር ሲያስወጡ ውጡ ብለው፣ ተነጋግረው ነው። የኔዎቹ ራሳቸውን አሰናብተው እኔ ወሬውን ከባጃጅ ሾፌር እሰማለሁ።

ሕግ አለ አሉኝና የልጄን ልጅ አስነበብኩት። አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የሙከራ ጊዜውን የጨረሰ ሠራተኛ ሲለቅ የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ ይስጥ ይላል። እሰይ፣ አልኩ። ቀጥሎ ሲያነብልኝ የሙከራ ጊዜው እስከ 60 የሥራ ቀን ይሄዳል፤ የኔዎቹ ደግሞ አብዛኞቹ እዚያ ሳይደርሱ ነው ብን የሚሉት። እኔ ግን አላመለጥኩም፦ የሥራውን ዓይነት፣ የአገልግሎቱን ዘመንና ደመወዙን የሚገልጽ የምስክር ወረቀት ጽፈህ ስጥ ይለኛል፣ ያውም በነፃ! ስለ ጠባይ የሚል የለበትም። እንግዲያው ከወረቀቱ የተረፈውን እዚህ ልተንፍሰው።

አስተናጋጁ፦ እግሩ ፈጣን፣ ጆሮው ዳተኛ። ሻይ ያዘዘ ማኪያቶ ይደርሰዋል፣ ማኪያቶ ያዘዘ ምርቃት። ሒሳብ ሲሉት «መጣሁ!» ነው መልሱ። መስከረም ሊያልቅ ሲል «አባባ፣ እናቴ ታማለች፣ አይቻት መጣሁ» ብሎ ወጣ። በሳምንቱ እናትየው እንደ ሎሚ አምራ «ልጄን ላየው ነው የመጣሁ» ብላ ከች አለች። ልጅ ሆዬ ለሰሊጥ አጨዳ መተማ ወርዷል። ሰሊጡ ታጨደ፣ ተወቃ፣ ዘይት ሆኖ ተበላ፤ እሱ ገና እየመጣ ነው።

ዘበኛው፦ ነፍሱን ይማረውና… ኧረ አልሞተም፣ አዘዞ ነው ያለው። ሌሊት ሲያንኮራፋ ሌባው ሰው ነቅቷል ብሎ ይመለስ ነበር። እሱን የሚጠብቅ ውሻ ቀጠርኩለት፤ ውሻው አሁንም አለ። የዚህ ቤት ነባር ሠራተኛ እሱ ነው።

ሽሮ ሠሪዋ፦ እዚህ ላይ ሙሾ ያስፈልጋል።

ድስቱ ተንተከተከ አንቺን እየጠራ፣
አንቺ ግን ከፈትሽው ከበሬ ፊት ጓሮ… 

አየሽ፣ ቤት መምታት እንኳ አቃተኝ፤ አንቺ ግን ቤት መትተሽ ከፊቴ ከፈትሽ! ከአስፋልቱ ማዶ፣ በሬ ፊት ለፊት። ጠዋት ጠዋት «እንደምን አደሩ አባባ» ትለኛለች፤ የምትለኝ የኔን ደንበኞች ተራ በተራ እያስቀመጠች ነው። ሽሮዋ እዚያ ሄዶ ጣፈጠ መሰል፤ ልጄን ልኬ አስመጥቼ ቀምሼዋለሁ። ለማጣራት ያህል ነው።

የመጨረሻዋ ጧት ጧት እየሠራች ጠዳ ጤና ሳይንስ ኮሌጅ ትማር የነበረችው ናት። ደብተሯን ከሳህን መደርደሪያው ሥር ትደብቅ ነበር፤ ትምህርቷን እያሰበች አንድ ጊዜ በጨው ፈንታ ስኳር ትጨምራለች፣ ሌላ ጊዜ ጨው ሁለቴ። ተመረቀች፣ ነርስ ሆነች። ባለፈው ራሴን አሞኝ ጤና ጣቢያ ብሄድ ነጭ ጋዋን ለብሳ ደም ግፊቴን ለካችና «አባባ፣ ጨው ይቀንሱ» አለችኝ። ማን ነው የሚለው? ስንት ዓመት ጨው ያበላችኝ! ተራዬ ሳይደርስ ማስገባቷን ግን አልክድም።

እንዲህ ነው ነገሩ፤ እኛ ጥቃቅኖቹ ጥሬውን ተቀብለን፣ ብርጭቆ አሰብረን፣ ሰው ሲወጣው ለሌላው እናስረክባለን። የሥልጠና ክፍያ የጠየቀ የለም፣ ጋቢም አላየን።

ትናንት አዲስ አስተናጋጅ ቀጥሬያለሁ። ቀልጣፋ ነው፣ ይሰማል፣ ያስቃል። ስለዚህ የምስክር ወረቀቱን ዛሬውኑ ጽፌ፣ ማኅተም መትቼ መሳቢያ ውስጥ አስቀምጬለታለሁ። የቀረው ቀኑን መሙላት ብቻ ነው።